ያልተጠራው ሙዚቃ ማጫወቻ፦ ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የታወቀ ነገር ነው። ደንበኛው ጸሐፊዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲቪውን ያስጽፋል፤ እሷ ድምፅ ልትቀንስ ስትል ጣቷ ከድምፅ ቁልፉ አጠገብ ያለውን ይነካል፤ ማንም ያልፈለገው የሙዚቃ ማጫወቻ ጽሑፉ ላይ ድቅን ይላል። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ።»

ተረት ነው፤ ያውም ገንዘብ የሚያስወጣ። ከኪቦርዱ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነው። በዩኤስቢ ደንብ ለምሳሌ «አጫውት/አቁም» የሚለው ቁልፍ በገጽ 12 ሥር 205 ቁጥር ተሰጥቶታል። ምን እንደሚከፈት የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፎርማት ሲደረግም ያው ውሳኔ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አብሮ ይጫናል።

ዊንዶውስ ላይ ማጫወቻውን የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የ«አጫውት» ቁልፍ ሳይሆን የኖታ ምልክት ያለበት ጎረቤቱ ነው። ትእዛዙ የተጻፈው ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ፣ በኤክስፕሎረር ሥር «አፕኪ» በሚባለው ፎልደር ነው፦ 15 ኢሜይል፣ 16 የሙዚቃ ማጫወቻ፣ 18 ካልኩሌተር። 16ን የከፈተ ሰው የፕሮግራም ስም አያገኝም። የሚያገኘው የሲዲ ዘፈን ፋይል ቅጥያን ነው። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ዊንዶውስ «የሲዲ ዘፈን በምን ይከፈታል?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ሲዲ ማስገቢያ በሌለው ላፕቶፕ ላይ እንኳ! ስለዚህ ሌላ ማጫወቻ እንዲመጣ የፈለገ የዚያን ፋይል መክፈቻ ከሴቲንግ ለምሳሌ ወደ ቪኤልሲ ይቀይር። ምንም እንዳይከፈት የፈለገ መስመሩን ሰርዞ በምትኩ «ሼል ኤክስኪዩት» የሚል ባዶ መስመር ያስገባ። ሬጅስትሪ ከመነካቱ በፊት ግን ኮፒው ይቀመጥ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ማክ ያላቸው ሰዎች የሚሰሙት ምክር ሌላ ነው፦ «ሚዩዚክ የሚባለውን ማጫወቻ አጥፋው።» አይጠፋም። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው የማክ ስሪት ካታሊና ጀምሮ ሲስተሙ ለንባብ ብቻ በተከፈተ ክፍል ላይ ተቀምጧል፤ ሚዩዚክም እዚያው ነው። ኤፍ 8 ሲጫን ማክ በሥራ ላይ ያለ ማጫወቻ ይፈልጋል፤ ካጣ ሚዩዚክን ይቀሰቅሳል። ኖቱንስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ሚዩዚክ ብቅ ሲል ወዲያው መዝጋት ነው። «ማንም ሳይነካው ራሱ ይከፈታል» የሚሉትም አልዋሹም፤ የብሉቱዝ ማዳመጫ ሲገናኝ ወይም ጎኑ ሲነካ ያንኑ የ«አጫውት» ትእዛዝ ሊልክ ይችላል።

«ኪቦርዱ ተበላሽቷል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በብዙ ላፕቶፖች የላይኛው ረድፍ ከፋብሪካ ሲወጣ ለድምፅና ለሙዚቃ ተደርጎ ነው። ይህን ለመቀየር ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ 10 ተጭኖ ባዮስ ውስጥ «አክሽን ኪስ ሞድ» ይጠፋል፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍኤንን ከኢስኬፕ ጋር መጫን ይበቃል። ቡና የፈሰሰበት ኪቦርድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የተጣበቀ ቁልፍ ሳይነኩት ትእዛዝ ይልካል። ኪቦርዱ በገመድ የሚሰካ ከሆነ ለማጣራት ገመዱን ነቅሎ መጠበቅ ነው፦ ማጫወቻው መከፈቱን ካቆመ የሚቀየረው ኪቦርዱ ነው።