የሚሸከመውን ያህል ማሸከም

ለዚህ መጽሔት የተማሪዎቻችንን ፎቶዎች ሰብስበን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስንገለብጥ ሥራው መሃል ላይ ቆመ። ዲስኩ ተቋርጦ እንደገና ተገናኘ፤ ግማሹ ፎቶ ግን አልተላለፈም። ደግነቱ ዋናዎቹን ገና አላጠፋንም ነበር። ገመዱን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር።

ኮምፒውተር ትልቅ ፋይልን በአንድ ጊዜ አይልክም። እዚህ ጋአን ሊባህ ከቦቴ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ በርሜል የሞላ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መረጃም እንዲሁ በምልልስ ነው የሚሄደው። በእያንዳንዱ ምልልስ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ 31 ባይት ትእዛዝ ይልካል፤ መረጃው ይከተላል፤ ዲስኩም ውጤቱን በ13 ባይት መልስ ያሳውቃል። ምልልሱ ሲበዛ ጊዜ ይባክናል፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ትልቅ ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን በዲስኩ ሳጥን ውስጥ ያለው ቺፕ ከአቅሙ በላይ ከተጫነበት ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል።

የአንድ ጊዜውን ጭነት የሚወስነው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ጭነቱ በሴክተር ይለካል፤ አንድ ሴክተር 512 ባይት ነው። የዩኤስቢ ዲስክ የተለመደው ገደብ 240 ሴክተር ማለትም 120 ኪሎባይት ሲሆን፣ ለዩኤስቢ 3 ግን 2048 ሴክተር ማለትም 1 ሜጋባይት ነው። ደካማነታቸው ለታወቀ አንዳንድ መሣሪያዎች ደግሞ ወደ 64 ሴክተር፣ ማለትም 32 ኪሎባይት ዝቅ ይላል። 1 ጊጋባይት ፋይል በ1 ሜጋባይት ጭነት 1,024 ምልልስ፣ በ120 ኪሎባይት 8,739፣ በ32 ኪሎባይት ደግሞ 32,768 ምልልስ ይፈጃል።

እኛም ገደቡን ከ2048 ወደ 240 አወረድነው። ቅጂው ትንሽ ዘገየ፤ ሆኖም ሳይቋረጥ አለቀ።

ይህን መሞከር የምትፈልጉ ተማሪዎች መጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ኃላፊ ፈቃድ ጠይቁና ገደቡን ደረጃ በደረጃ አውርዱ። ዲስኩ ተነቅሎ ሲሰካ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ወላጆችም የቤተሰብ ፎቶ ስትገለብጡ አንድ ነገር አትርሱ፦ ቅጂው ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ዋናው አይጠፋም። የዘገየ ፋይል ይደርሳል፤ የጠፋ ፎቶ ግን ተመልሶ አይነሳም።