ጡረታ በሁለት አገሮች መካከል፦ የመኖሪያ ሰነድና የባንክ ሂሳብ ትስስር



በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሠርተው የጡረታ ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ለማሳለፍ የሚሹ ወገኖቻችን ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ሲያነሡ እሰማለሁ። አንደኛው «በምን ሰነድ እኖራለሁ?» ሁለተኛው «ገንዘቤ እንዴት ይደርሰኛል?» የሚል ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። ተጓዡ የያዘው ዜግነት በጡረታ ክፍያውም ሆነ ወደ አሜሪካ በመመለስ መብቱ ላይ ይወስናል።

ሁለት ጡረተኞችን በምሳሌነት እንውሰድ። ሁለቱም እኩል ዘመን ሠርተዋል። አንደኛዋ እናት የአሜሪካ ዜግነት ወስደዋል፤ ሁለተኛው አባት ግሪን ካርድ ይዘው የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን ጠብቀዋል።

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል። ስለዚህ እናቲቱ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ናቸው። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 270/1994 በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ደንግጓል። በዚህ ካርድ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራሉ፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችሉም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታቸውም የአሜሪካ ዜጋ በመሆናቸው ኢትዮጵያ ቢኖሩ አይቋረጥባቸውም።

አባትየው በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ቪዛ ሳይጠየቁ ወደ አገራቸው ይገባሉ። የሚጠብባቸው የመመለሻው በር ነው። የመመለሻ ፈቃድ ሳይዙ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ግሪን ካርዳቸው ብቻውን አያስገባቸውም። ፈቃዱ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ ሳሉ ሲሆን፣ ቢበዛ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ከዓመት ባነሰ ቆይታም ቢሆን መኖሪያቸውን ጠቅልለው እንደ ተዉ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ተከታታይ 6 ወር ሲሞላው፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ካልሸፈነው ጡረታው ይቆማል። ልዩ ሁኔታዎቹ እንደ ዜግነቱና እንደ ሥራ ዘመኑ ስለሚለያዩ፣ ከጉዞ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ መልስ መያዝ ይገባል።

ሁለቱንም የሚመለከቱ ነጥቦች ደግሞ አሉ። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጥ ድጎማ ከጡረታ ጋር መምታታት የለበትም፤ ተቀባዩ 30 ተከታታይ ቀናት ከአገር ሲወጣ ይቋረጣል። ሜዲኬርም በመደበኛው በኢትዮጵያ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። በውጭ አገራት ያሉ በሒሳብ መዝገቦች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ጊዜ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ የተከፈተ የብር ሂሳብም በዚህ ይታሰባል።

ወደ ባንክ ስንመጣ፣ ጡረታው የሚገባበትን የአሜሪካ ሂሳብ አለመዝጋት ይመከራል። አንዳንድ ባንኮች ግን በአገሩ የመኖሪያ አድራሻ የሌለውን ደንበኛ ሂሳብ ይዘጋሉ፤ የማረጋገጫ ቁጥሮችም ወደ አሜሪካ ስልክ ይላካሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤትም በውጭ ለሚኖሩ ተከፋዮች በየጊዜው መጠይቅ በፖስታ ይልካል፤ መልስ ካላገኘ ክፍያውን ያቆማል። ስለዚህ የታመነ የፖስታ አድራሻና የማይቋረጥ የስልክ ቁጥር የጡረተኛው ዋና ንብረቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ በኩል ባንኮች በዶላር፣ በፓውንድና በዩሮ የዳያስፖራ ሂሳብ ይከፍታሉ። ሂሳቡ የታሰበው በውጭ ለሚኖሩ ስለሆነ፣ ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው በእርሱ ላይ ምን እንደሚለወጥ ባንኩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ጥሪቱን በሙሉ አስቀድሞ መንዝሮ የነበረ ሰው ምን ያህል የመግዛት አቅም እንዳጣ ማስላት አያዳግትም። በየወሩ ለኑሮ የሚበቃውን ብቻ መመንዘር የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የዜግነት ውሳኔ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ መልስ፣ ከዚያ አድራሻ፣ ስልክና ሂሳብ፤ የአውሮፕላን ትኬት በመጨረሻ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በጡረታ ዕድሜ ደግሞ የፈሰሰውን ለመልቀም ጊዜውም ጉልበቱም አይተርፍም።