በሰቆጣ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

በመማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ተጽፎ ይገኛል። ይሁንና የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው ሰቆጣ አንድ ተማሪ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢያስገባ የሚያነበው ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም። መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ላይ ስላለ ውሃ ሲሆን፣ ሰቆጣ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት።

ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነጥበ ፍሌትም በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር በመለካት የተራሮችን ከፍታ ያሰሉ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያው ዞን ወደ ተከዜ ሸለቆ ከ1 ሺህ 200 ሜትር በታች ለወረደ ሰው ውሃው በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ሰቆጣ በቀድሞው ዘመን ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው ተጠርቦ የሚወጣው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር ምድር ሲሆን፣ በዚያ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በጥቂቱ አልፎ ነው። ሲራራ ነጋዴው ጨዉን ይዞ ወደ ደጋ በወጣ መጠን ነጥበ ፍሌት ይወርዳል፤ የጨዉ ዋጋ ግን ይወጣል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨዉ በራቀ ቁጥር እንደሚወደድ ጽፏል።

ጨው በውሃ ላይ ቢጨመር ነጥበ ፍሌቱን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ዲግሪ ለመጨመር ብቻ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል። ይህም ከባሕር ውሃ ጨዋማነት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው፤ እንዲህ ያለ ንፍሮ የሚበላ አይገኝም።

እሳት ማንደድም አያዋጣም። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው ማገዶ እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም፤ በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ዴኒስ ፓፒን የተባለው ፈረንሳዊ በ1679 (እ.ኤ.አ.) ክዳኑ የታሸገ ድስት ሠርቶ እንፋሎቱን በማፈን ለዚህ መፍትሔ አስገኝቷል። እንጨት በሚቸግርበት አካባቢ ብዙ ሰው ለሚመግብ ወጥ ቤት ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በጤና ረገድ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻል። የመጠጥ ውሃን ለማከም በቆላ አንድ ደቂቃ ማፍላት ሲበቃ፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። የሕክምና መሣሪያዎች የሚቀቀሉበት አውቶክሌቭም የፓፒን ድስት ዘመድ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ በመሆኑ፣ በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪን የሚያመለክተው ንባብ በሰቆጣ ከዚያ ያነሰ ሙቀት ማለት ነው። በመሆኑም ባለሙያው መርፌው ከመመሪያው ቁጥር ከፍ እስኪል መጠበቅ፣ ወይም የሙቀት መለኪያውን ማየት ይኖርበታል።