ጭሱን ሳይሆን አየሩን

አጋሮ ውስጥ ቡና ሲቆላ ጭሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ምጣዱ ሲወዘወዝ ይበተናል፤ በበሩ ነፋስ ሲገባ ወደ ጓዳ ያጋድላል። ይህን ለፊልም በኮምፒውተር የሚሠራ ባለሙያ ጭሱን አይስልም። ጭስ አየር ወደ ወሰደው ይሄዳል እንጂ በራሱ መንገድ የለውም፤ ስለዚህ የሚሰላው አየሩ ነው።

ክፍሉ በጥቃቅን ሳጥኖች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ሳጥን የአየሩን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ ሙቀቱንና የጭሱን መጠን ይይዛል። ፍም ያሞቀው አየር ይቀላል፣ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ሳጥኑ የገባውን ያህል አየር መውጣት አለበት፤ ይህን የሚያስከብረው የግፊት ስሌት ነው፣ ብዙውን ጊዜ የኮምፒውተሩን ጉልበት የሚጨርሰውም እሱ ነው። የአየሩን እንቅስቃሴ የሚገዛው ሕግ ግን የቆየ ነው፤ ናቪየር በ1822፣ ስቶክስ በ1845 እ.ኤ.አ. ያቆሙት።

ያስቸገረው ሕጉን ማስኬዱ ነበር። አየሩን ወደፊት እየገፉ ሲያሰሉ እርምጃው ከረዘመ ቁጥሮቹ ይንራሉ፣ ስሌቱ ይፈርሳል። ጆስ ስታም በ1999 ባሳተመው ጥናት ጥያቄውን ገለበጠው፦ እያንዳንዱ ሳጥን «አየሬ ወዴት ይሄዳል?» ማለቱን ትቶ «ከየት መጣ?» ብሎ ወደ ኋላ ይከተል፤ እዚያ የነበረውን ይውሰድ። የሚወስደው ቀድሞ ከነበሩት ቁጥሮች መሃል ስለሆነ ከእነሱ አይበልጥም፤ ስሌቱም አይፈርስም። (የአየር ትንበያ ሰዎች ዘዴውን ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ለፊልም ሰዎች ግን ብርቅ ሆነ።) በ2008 የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ ስታምንና ባልደረቦቹን ማያ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ላስገቡት የፍሰት ማስያ ሸለማቸው።

ዘዴው ግን ያስከፍላል። መካከለኛውን እየወሰደ ሲሄድ ጭሱ ይደበዝዛል፣ ትንንሽ ሽክርክሪቶች ይጠፋሉ። ፌድኪው፣ ስታምና ጄንሰን በ2001 የጠፋውን ሽክርክሪት መልሶ የሚያነቃ ኃይል አስተዋወቁ። ሳጥኑን ማሳነስም ይረዳል፤ ይሁንና ጎኑ በግማሽ ሲያጥር 1 ሚሊዮኑ ሳጥን 8 ሚሊዮን ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ከቦምብ ፍንዳታ የእጣን ጭስ ይከብዳል። ፍንዳታን ብዙው ተመልካች በዓይኑ አላየም፤ ትርምሱም ስህተትን ይደብቃል። ረከቦቱ አጠገብ ያለችው ማጨሻ ግን ቀጭን ክር ትለቃለች፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ይወጣና ድንገት ይጠማዘዛል። ከሳጥኑ የቀጠነውን ክር ሳጥኑ ሊይዘው አይችልም፣ ያወፍረዋል። የጅማ ልጅ ወዲያው ይነቃል።

ቀለሙም ያጋልጣል። በጣም ደቃቅ የጭስ ብናኝ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ይበትናል፤ ስለዚህ ጭሱ በጥቁር ግድግዳ ፊት ሰማያዊ፣ ብርሃን ከኋላው ሲመታው ቡናማ ይመስላል። ነጭ ብቻ የቀባው የጀበና እንፋሎት ሠርቷል።

መሞከር ለሚሻ ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ማንታፍሎው የተሰኘ የጭስ ማስያ አብሮት ይመጣል። በትልልቅ ሳጥን ይጀምሩ፤ አካሄዱ ሲያምርዎት ያሳንሱት። ከበሩ የሚገባውን ነፋስም አይዘንጉ፤ ደካማና ወጣ ገባ ቢሆን ይሻላል።