በፍቅር ኮሜዲ ፊልም ውስጥ ዕንቅፋት ያለው ሥራ

አንባቢ ሆይ፤ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ሲመለከቱ ወንዱና ሴቲቱ በመጨረሻ እንደሚጋቡ አስቀድመው ያውቃሉ። ታዲያ ከወንበርዎ ሳይነሡ የሚያቆይዎ ምንድን ነው? በመካከላቸው የቆመው ዕንቅፋት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በወጣው «ሮማን ሆሊደይ» በተባለው የዊልያም ዋይለር ፊልም፥ ኦድሪ ሄፕበርን የተጫወተቻት ልዕልት ማዕረጓን፥ ግሪጎሪ ፔክ የተጫወተው ጋዜጠኛም ሙያውን ይሸሽጋሉ። ሣቁ የሚመነጨው እኛ ሁለቱንም ስለምናውቅ ነው።

እንደ ልማዱ ቢሆን ውሸቱ ሲገለጥ ሠርጉ በተከተለ ነበር። ዋይለር ግን ከበስተኋላው ሌላ ዕንቅፋት አኑሮአል፤ እርሱም ግዴታ ነው። ልዕልቲቱ ማንም ሳያስገድዳት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ጋዜጠኛውም ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝለትን ወሬ ሳይጽፍ ይቀራል። ሁለቱም ይህን ያህል ከከፈሉ፥ ሠርግ ባናይም ተታለልን አንልም። በመጨረሻ በጋዜጠኞች ፊት ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ እርሱም ባዶውን አዳራሽ ብቻውን አቋርጦ ይወጣል።