ማድ ቤታችንን በቦታችን ልክ እንሥራ

ማድ ቤት ምግብ የሚሠራበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ቤት ስንሠራ ብዙ ጊዜ ስለ ማድ ቤት የምናስበው መጨረሻ ላይ ነው። መኖሪያው፣ ጎተራውና በረቱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የተረፈችው ጥግ ለማድ ቤት ትሰጣለች። ታዲያ በዚያች ጥግ የሚውለው ማነው? እናቶቻችን፣ ሚስቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። በጀርባቸው ያዘሉት ሕፃንም አብሮ ይውላል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡስ እውነት ነው። ለምትሠራው ሴት ግን የጉልቻው ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ጉልቻው ያለ ቦታው ከተጎለተ ጭሱ ዓይኗንና ሳምባዋን ይጎዳል። ሕፃኑም እሳት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስና በመሰለው የተበከለ አየር ምክንያት ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ነፋሱ ከየት ይመጣል? ቦታው ስንት ክንድ ነው? የምትሠራበት ሴት ምን ትላለች?

1. ነፋሱን እንወቅ

ገበሬ ስለ ነፋስ አስተማሪ አያስፈልገውም። አውድማ ላይ በመንሽ ስታዘሩ ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ማድ ቤቱን ገለባው በሚሄድበት በኩል ሥሩት። ያን ጊዜ ጭሱ ከመኖሪያው ይርቃል። ነፋሱ በክረምት አቅጣጫውን የሚለውጥ ከሆነ ግን ይህንንም አስቡበት።

ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መውጫው ከፍ ብሎ ከክዳኑ ሥር ይከፈት። ንጹሕ አየር ደግሞ በበሩ ይገባል። እሳቱ በበሩ ትክክል አይሁን፤ ነፋስ ነበልባሉን ይበትነዋል።

2. ቦታውን በክንድ እንለካ

አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ምጣድ ከነምድጃው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። ጋጋሪዋ ጎንበስ ቀና እንድትል ከምጣዱ ፊት ቢያንስ ሁለት ክንድ ባዶ ቦታ ያስፈልጋታል። በዚህ ቦታ ማገዶም ሆነ ዕቃ አይቀመጥም።

የቤቱ ስፋት 4 ክንድ ብቻ ከሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ግድግዳ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ ደርድሩ። ውሃው በበሩ አጠገብ፣ ቡሃቃው ቀጥሎ፣ እሳቱ መጨረሻ ላይ ይሁን። በሁለቱም ግድግዳ ዕቃ ከተደረደረ መተላለፊያ ይጠፋል። ትኩስ ድስት የያዘችና እንስራ ያዘለች ይጋጫሉ።

ስፋቱም ርዝመቱም 5 ክንድ ያህል ከሆነ፣ «ገ» የምትለዋን ፊደል አስታውሱ። በአንዱ ግድግዳ ውሃና ቡሃቃ፣ ጎኑ ባለው ግድግዳ እሳት ይሆናል። ጋጋሪዋ ዞር ብላ ሊጡን ትጨልፋለች እንጂ አትመላለስም። እሳቱን ግን ማዕዘኑ ውስጥ አትክተቱት፤ የእንጨት ግድግዳ በሁለት ወገን ይግላል።

6 ክንድና ከዚያ በላይ ከሆነ «በ» ይስማማል። ከታች ክፍት የሆነው በሩ ነው። በአንዱ እግር ውሃ፣ በራሱ ላይ ቡሃቃና ሰፌድ፣ በሌላው እግር እሳት ይሆናል። ቦታ ሰፊ ነው ብላችሁ ግን ዕቃውን አታራርቁ። የሰፋ ቤት እግር ያደክማል።

ክብ ጎጆ ማዕዘን የለውም። ቀጥ ያለ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የግድግዳውን ዙሪያ ተከትሎ የጭቃ መደብ ይሠራ። የሣሩ ክዳን በግድግዳው በኩል ዝቅ ስለሚል እሳት ከዚያ ሥር አይነድም። መካከሉም የሰው መተላለፊያ ነው። የሚሻለው በምሰሶውና በግድግዳው መካከል ነው። ልጆች በሚቀመጡበት በኩል ደግሞ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ከለላ ይደረግ።

3. የምትሠራበትን ሴት እንጠይቅ

ዛሬ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች አሉ። ለምሳሌ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ እሳቱን ይይዛል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ከባድ ነው። ጉልቻን አንስቶ ማዛወር ቀላል ነው፤ ምድጃ ግን አንዴ ከተተከለ እንደ ጉልቻ በየቀኑ አይነሳም። ስለዚህ ከመትከል በፊት መለካት ያስፈልጋል።

እንዴት? ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ ማገር ሳይታሰር የቤቱን ልክ መሬት ላይ በአመድ አስምሩ። ምጣዱን፣ እንስራውንና ቡሃቃውን በየቦታቸው አስቀምጡ። ከዚያ የቤቱ እመቤት እንደ እንጀራ ቀን ውሃ ትቅዳ፣ ሊጥ ትጨልፍ፣ ትቀመጥ፣ ትነሳ። «እዚህ ይጠበኛል» ካለች አመዱን ጠርጎ እንደገና ማስመር ነው። አመድ ገንዘብ አይጠይቅም። የተሠራ ቤት ማፍረስ ግን እንጨትም ጉልበትም ይፈጃል።

ቤት የሚያቆመው ወንዱ ቢሆንም በማድ ቤቱ የምትውለው ሴቷ ናት። ስለዚህ በቦታው አመራረጥ የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሁን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በእናንተ ማድ ቤት ጭሱ በየት በኩል ይወጣል?
ለ. ማድ ቤታችሁ ስንት ክንድ በስንት ክንድ ነው? የትኛው አሠራር ይስማማዋል?
ሐ. ማድ ቤቱ ሲሠራ የምትሠራበት ሴት ተጠይቃ ነበርን?