ሁለት ሜትር የሚሰፋ ቤት

በእንግሊዝ አገር እስከ 12 የሚደርሱ ሰዎች አንድ ጀልባ በጋራ ገዝተው በየተራ ይኖሩበታል ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? ለእያንዳንዱ ባለድርሻ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ይደርሱታል።

በ18ኛው መቶ ዘመን የተቆፈሩት ጠባብ ቦዮች የውሃ በራቸው የሚሰፋው 2.13 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጀልባው ከ2.10 ሜትር አያልፍም። ርዝመቱ ግን 21 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ኮሪደር በሉት!

ብዙውን ጊዜ ከፊት ሳሎኑ ከነከሰል ምድጃው፣ ቀጥሎ ማድ ቤት፣ ሻወርና መኝታ ይደረደራሉ። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን ማዞር አለበት። የምግብ ጠረጴዛው ማታ አልጋ ይሆናል። የናፍጣው ሞተር የመታጠቢያውን ውሃ ያሞቃል፤ ታንኩ ግን ትንሽ ነውና ሻወር ውስጥ መዝፈን የለም። ተረኛው ሲለቅ ውሃውን ሞልቶ፣ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ባዶ አድርጎ ነው። አለዚያ መጪው ምን ይበል?

ይህ እኮ ዛሬ ምቾት ነው። ድሮ ጭነት የሚያመላልሱት ቤተሰቦች ከኋላ ባለችው 3 ሜትር ያህል ክፍል ከነልጆቻቸው ያድሩ ነበር። አልጋው ቀን ታጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል፤ የሌላው ሣጥን መዝጊያ ሲወርድ ጠረጴዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 የወጣው ሕግ የሚያድሩትን ሰዎች ቁጥር ወሰነ። ለትምህርትም ልጆቹ ጀልባው የተመዘገበበት ቦታ ነዋሪዎች ናቸው አለ። ታዲያ ጀልባው የት ቆሞ!